እምዬ በአሮጌዋ በቅሎ ይመጣሉ

ይህች ክርታስ ዓባይን ተሻግራ ሞጣ ስትደርስ፣ ከታላቅ ወንድሜ፣ ከአባቴ ምትክ፣ ከመሪጌታ ወልደጊዮርጊስ እጅ ትግባ። ከተለየንበት ቀን አንስቶ እስከ ዛሬ እንደምን ከርመዋል? እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እህል ይወስድልዎታል? ድምፅዎስ እንደ ድሮው ነው? የፋሲካውን ማኅሌት እንደምን አደሩት? እግርዎንስ እንዴት አደረገዎት? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ ለወጉ ያህል የጠየቅሁ አይምሰልዎት፤ ቁርጡን ይጻፉልኝ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እምዬ ዓይናቸው ትንሽ ደከም አለ እንጂ ምላሳቸው እንደሚያውቁት ነው። ባለቤቴ ፈንታነሽ ደህና ናት። ልጃችን ማሬ ጥርስ አወጣችና ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ትናንት የቄሱን መስቀል ሳሚ ብንላት ነከሰችው። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ገባ፤ ስንዴውን ግን ዋግ መታው። ጥቁሯ ላም ወንድ ጥጃ ወለደች። ከዚህ በቀር በቤታችን የጎደለ ነገር የለም፤ የጎደሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ነጋዴው ሞላ ያመጣልኝን ደብዳቤዎን በጾሙ መጨረሻ ተቀብያለሁ። እምዬ ከፋሲካ በኋላ ሊያዩዎት እንደሚመጡ ብንልክብዎት የመለሱልን ሁለት ቃል ነው። ፊተኛው፣ መንገዱ ክፉ ነውና ይቅሩ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እምቢ ብለው ቢመጡ እንኳ በዳማ እንዳይሆን፤ ዳማ ያለቀላት በቅሎ ናት፣ ለእሷ የሚወጣው ገብስ በከንቱ ይቀራል፣ ለውጠህ ጎልማሳ በቅሎ ግዛ የሚል ነው። ፊተኛውን እምዬ አልሰሙም። እርስዎ እግሬን ጥቂት ያመኛል ብለው ቢጽፉም፣ ከመደብ ለመነሳት ሰው እንደሚደግፍዎትና ቅኔውንም ጋደም ብለው እንደሚነግሩ ሞላ አፉ አምልጦት ነግሯቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ እምዬን ከጉዞ የሚመልስ ሰው በመንደራችን በገሳይ አልተገኘም። የልጄን ዓይን ሳላይ ክረምት አይገባብኝም ነው የሚሉት። በእግራቸው እንዳይሄዱ ጉልበታቸው ይህን ሁሉ መንገድ አይችልም። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በበቅሎ ላይ ወደቀ።

ስለ ዳማ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፤ አልከራከርዎትም። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጨው መንገድ ስንት ዓመት አመላልሰዋታል። እርስዎም ቅኔ ልማር ብለው ጎጃም የወረዱት በእሷ ነው። እርስዎ እዚያው ቀርተው እሷ ወደ እኔ ስትመለስ ደግሞ ከእብናት እህል፣ ከይፋግ ቅቤ ስትጭን ኖረች። የረገጠችው አገር ቢቆጠር የደብራችን አለቃ ከረገጡት ይበልጣል፤ ይህን እንዳይነግሩብኝ። አሁን ግን ጥርሷ አልቆ ገብሱ ካልተከካላት አትበላም። ፈንታነሽ ጠዋት ጠዋት ስትከካላት፣ አንዷ ጥርስ ስታወጣ አንዷ ጨረሰችብኝ፣ ሁለቱንም የማጎርሰው እኔ ነኝ እያለች ታጉረመርማለች። ጀርባዋ ላይ ያለው የድሮ ገጣባ ጭነት ሲነካው ይከፈታል፤ ስለዚህ ከሰው በቀር ምንም አልጭናትም። የግራ ፊት ጉልበቷም ቁልቁለት ከበዛበት ያብጣል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎት። የዳማን ሕመም ሁሉ እኔ አውቀዋለሁ። የትኛው ጉልበቷ መቼ እንደሚያብጥ፣ የትኛው ጠፍር የት እንደሚነካት፣ ምን ስትፈራ ጆሮዋን እንደምትጥል አውቃለሁ። አዲስ በቅሎ ግን ሕመሟንም አመሏንም ይዛ ትመጣለች፤ እሱንም የምትነግረኝ እምዬን ተሸክማ የዓባይን ቁልቁለት ስትወርድ ነው። ያሳሰበኝ ይኸው ነበር። ሆኖም እርስዎ ከእኔ ይልቅ አርቀው ያያሉ ብዬ በምክርዎ አደርሁ።

በዳግም ትንሣኤ ማግስት ዳማንና ቀዩን ወይፈን እየነዳሁ ይፋግ ገበያ ወረድሁ። ዳማን የሚገዛ ጠፋ። አንዱ አፏን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ዕድሜ ይስጣት ብሎኝ ሄደ። ሌላው ጀርባዋን አየና፣ ልትሸጣት ነው ወይስ ፍትሐት ልታስፈታት ነው ያመጣሃት ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ራሴ ልሸጣት መውጣቴን ረስቼ፣ የእናቴን ልጅ የሰደቡብኝ ያህል ተናደድሁ። በመጨረሻ እሷን ትቼ ቀዩን ወይፈን ከገብስ ጋር ሰጠሁና አንዲት ግራጫ በቅሎ ለወጥሁ። ሻጩን አላማውም። ዋሱም የታወቀ ሰው ነው። በቅሎዋ ጥርሷ ሙሉ፣ ጀርባዋ ንጹሕ፣ እርምጃዋ ለስላሳ ሰጋር ነበረች። እውነቱን ልናገርና፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ያለች በቅሎ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ዳማን ከኋላዬ እየሳብሁ፣ እርስዎን እየመረቅሁ ወደ ቤቴ ጉዞ ጀመርሁ።

ደብረ ታቦር ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ዳገቱ ላይ የጭነት ከብት የሚሰበስቡ ወታደሮች አገኙኝ። የማን እንደሆኑ አልጽፍም፤ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ያውቃሉ። ግራጫዋን ገና ከሩቅ አይተው ነበር። ከላይዋ አወረዱኝ፣ ኮርቻዬንም ፈትተው በደህና መሬት ላይ አስቀመጡልኝ። ለአሮጊት እናቴ የገዛኋት ናት ብዬ ለመንሁ። አለቃቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ አሮጊት እናት አለው አለኝና ልጓሟን ያዘ። ከዚያ ወደ ዳማ ዞሮ አፏን ከፈተ። ጥቂት አየና በቀስታ ዘጋው። ይችን ውሰዳት አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ኮርቻውን ዳማ ላይ ጫንሁ፣ ልቀመጥባት ግን አልቻልሁም፤ እየጎተትኋት በእግሬ ሄድሁ። ወንድሜ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ወይፈኑም ሄደ፣ በቅሎዋም ሄደች፣ የእምዬ መንገድም የተዘጋ መሰለኝ።

እቤት ስደርስ እምዬ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ቀና ብዬ ላያቸው እያፈርሁ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ ወታደሮቹ ዳማን በደንብ አይተዋታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አፏን ሳይቀር ከፍተው አይተዋል አልሁ። አይተው ተዋት? አዎን፣ ተዋት። እምዬ አባታችን ካረፉ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቁ።

«እንግዲያው መንገዱ ተከፈተልኝ» አሉ። «እሷንም እኔንም የሚፈልገን የለም። ማን ያስቆመናል?»

እኔ እዚያው ላይ ተረታሁ። ፈንታነሽ ግን ቶሎ አልተረታችም። ዳማ ከገደሉ መካከል ጉልበቷ ቢከዳትስ፣ እምዬን ማን ተሸክሞ ያወጣቸዋል ብላ ሞገተችኝ፤ ፍርሃቷም ከንቱ አይደለም። እምዬም፣ ቁልቁለት ቁልቁለቱን ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እሷም ታርፋለች እኔም እፍታታለሁ አሏት። ነገሩን ላየው ብዬ ትናንት ለጊዮርጊስ ክብረ በዓል እምዬን በዳማ ወሰድኋቸው። ከደጃችን ድንጋይ ላይ ቆመው እስኪቀመጡባት ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ዳገቱን ቆም እያለች ወጣችው፤ እኔ ሳልነካት ትቆማለች፣ እኔ ሳልነካት ትነሳለች። ሽማግሌው ሁሉ በእግሩ ቀደመን። ማታ ጉልበቷ ትንሽ አብጦ ነበር፤ አልዋሽዎትም። በሞቀ የጨው ውሃ አሸሁላት፣ ዛሬ ጠዋት ጎድሎ አገኘሁት።

እንግዲህ ያረጀች በቅሎ መያዝ ይበጃል ወይ ላሉኝ መልሴ ይህ ነው። ለጭነት አትበጅም። ለትርፍ አትበጅም። ለቸኮለ ሰው አትበጅም። ገበያ ቢያወጧት የሚወስዳት የለም፣ የምትበላውም ገብስ ከምትሠራው ሥራ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ እርስዎ ትክክል ነዎት። ነገር ግን እምዬም አይቸኩሉም፣ ጭነትም የላቸውም፤ የሚፈልጉት እርስዎ ደጅ መድረስ ብቻ ነው። ለዚህ ለዚህ ከዳማ የተሻለች በቅሎ የለችኝም፣ ቢኖረኝም መንገድ ላይ ትወሰድብኛለች።

የግንቦት ልደታን እዚህ አክብረን በማግስቱ እንነሳለን። ሞላ ነገ ስለሚሄድ ይህ ደብዳቤ ይቀድመናል። ጠዋት ጠዋት እየተጓዝን፣ ፀሐይ ሲበረታ እያረፍን፣ እስቴ ከአባታችን ዘመዶች ዘንድ ሰንብተን ወደ ዓባይ እንወርዳለን። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ያለውን ዳገት እንዴት እንደምንወጣው እሱ ባለቤቱ ያውቃል። ብንዘገይ አይስጉ፣ ሰውም አይላኩብን። ዘገየን ማለት እየመጣን ነው ማለት ነው። ክረምቱ ከቀደመን እምዬ እዚያው ከርመው በመስከረም ይመለሳሉ፤ ለነገሩ ይህን ክረምቱ ሳይቀድማቸውም ሳያስቡት አልቀሩም።

ለባለቤትዎ ለወይዘሮ ጌጤ ጉልበት ስሜ ሰላምታ አቀርባለሁ፤ ስለሚደግፉዎት እጃቸው አይድከም። ዓለሚቱን ሁለት ጉንጯን ሳሙልኝ፤ አያትሽ ለጋ ቅቤ ይዘውልሽ ይመጣሉ በሏት። ተማሪዎችዎን ሁሉ በያሉበት ሰላም በሉልኝ፤ ዳማ በግቢያችሁ ስትገባ አፏን የሚከፍት ተማሪ እንዳይኖር ያስጠንቅቁልኝ፣ በቅቷታል። ፈንታነሽ እጅ ነስታለች። ማሬ አጎቷን አታውቅም፤ እኛ ግን ስምዎን እያስተማርናት ነው፣ እስካሁን «መሪ» የሚለው ድረስ ደርሳለች።

ይህን ጽፌ ልጠቀልለው ስል እምዬ ቆይ አሉኝ። መንገዱ ክፉ ነውና ይቅሩ ማለትዎን አላመኑበትም። ልጄ መንገድ ፈርቶ አያውቅም፤ ያፈረው እኔ ስገባ ተነስቶ ጉልበቴን መሳም ስለማይችል ነው፣ እናቱን ተቀምጦ መቀበል ነውር መስሎት ነው አሉ። ቀጥለው፣ እኔ እንደምናገረው ጻፍ፣ ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር አሉኝ፤ ይኸው አልጨመርሁም።

«ልጄ፣ ስመጣ እንዳትነሳ። በወለድሁህ ቀንስ ቆመህ መች ተቀበልኸኝ? ያን ጊዜ ጎንበስ ብዬ የሳምሁህ እኔ ነኝ። አሁንም እንደዚያው እናደርጋለን።»

ታናሽ ወንድምዎ ወርቁ

ገሳይ፣ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅ
ሚያዝያ ፳፬ ቀን ፲፰፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ