ኬክ ላይ በቃላቸው የጻፉት የእትዬ ክሬም የሕይወት ታሪክ

የጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያላቋረጡት አንድ ወሬ አለ። «እትዬ ክሬምን ፊደል ያስቆጠሯቸው የኬክ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ሰውየው የተደበቁ ምሁር ናቸው» ይላሉ። ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሁሉ ሱሪውንም ወሬውንም ይዞ ይወጣል። እትዬ ክሬም፣ አክስቴ፣ ያረፉ ዕለትም ሊያጽናኑን መጥተው ወንበር ሳይዙ ደገሙት። ስለዚህ ይህ የሕይወት ታሪክ ከልደት በፊት በእርማት ይጀምራል፦ የኬክ ቤቱ ባለቤት አክስቴን አንዲት ፊደል አላስተማሯቸውም። ባለቤቱም ዛሬ እዚህ ቀብሩ ላይ አሉ፣ ልብስ ሰፊውም የፊት ወንበር አያጡም፤ ሁለቱም ይስሙ።

በመላው ሰፈር «እትዬ ክሬም» በመባል የሚታወቁት አክስታችን ከአናጢው አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በሚገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛዋ ነበሩ። በዚያ ቤት የመጋዝ ብናኝ ከዱቄት ይበልጥ ስለነበር፣ ሕፃን ሆነው በብናኙ ላይ በጣታቸው አበባ ሲስሉ ይውሉ ነበር። እናታቸውም «ተዉአት፣ ቢያንስ ግድግዳው ላይ አልሳለችም» ይሉ ነበር አሉ።

ዕድሜያቸው ሲደርስ በአቅራቢያው ወዳለ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያን ጊዜ አጻጻፍ የሚሰጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፦ የሳቱትን ቃል ገጹ እስኪሞላ መገልበጥ። አክስቴ ገጹን ለመሙላት የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ። የመጀመሪያውን ፊደል ከላይ እስከ ታች ይደረድራሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ከላይ እስከ ታች፣ አጥር እንደሚያጥር ሰው። ገጹ ያምራል፤ ቃሉ ግን አንድም ቀን ጭንቅላታቸውን ሳይጎበኝ ቀረ። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው ከጣሪያ ላይ ወድቀው ሥራ ስላቆሙ ትምህርታቸውን አቋረጡ።

በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለው ኬክ ቤት በዕቃ አጣቢነት ተቀጠሩ። አንድ ቀን በትሪ ጀርባ ላይ የተጣበቀ ክሬም ከማጠባቸው በፊት ጽጌረዳ ሲያደርጉት ባለቤቱ አዩዋቸው፤ በማግስቱ ክሬም መጭመቂያውን አስረከቧቸው። እጃቸው ግሩም ነበር። ችግሩ ጽሑፉ ላይ ነው። ደንበኛ በቁራጭ ወረቀት የጻፈውን እያዩ፣ ጽጌረዳውን እንደሚስሉ ፊደሉንም ይስሉት ነበር። ወረቀቱ ላይ ክሬም ከፈሰሰበት አበቃ፤ ቃሉም አብሮ ሄደ።

ይህ አካሄድ እስከ ሃያ አምስት ዓመታቸው ድረስ አደረሳቸው። በዚያ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች «ለምንወዳት አለቃችን» የሚል የልደት ኬክ አዘዙ። አክስቴ «ን»ን ዘለሏት። «ለምወዳት አለቃችን» ሆኖ ወጣ። ባለቤቱም እንደ ልማዳቸው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ «እህም» ብለው ካርቶኑን ከደኑት። ኬኩን ተሸክሞ አለቃዋ ፊት የከፈተው የሒሳብ ሠራተኛው ነበር። ቢሮው በሳቅ ተናጋ። የሒሳብ ሠራተኛው ባለቤት ግን እዚያው ፎቅ ላይ ትሠራ ስለነበር አልሳቀችም። ሰውየው ከሰዓት በኋላ ግማሽ ኬክ ይዞ በቁጣ ተመለሰ፤ ግማሹን በልተውታል።

የኬክ ቤቱ ባለቤት አክስቴን ጠርተው፣ «ስሚ አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ቢደገም መጭመቂያውን አስቀምጠሽ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ትመለሻለሽ» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮም አዲስ ሕግ አወጡ። ካርቶን ከመከደኑ በፊት አክስቴ ይቆማሉ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ኬኩ ላይ ጎንበስ ይላሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው፦

«ምን ይላል? ወረቀቱን ተዪው፤ እኔን እያየሽ ፊደል በፊደል ንገሪኝ።»

አክስቴ እንደነገሩን፣ መጭመቂያውን ከማጣት ጣታቸውን ቢያጡ ይመርጡ ነበር። ሳሙና ውስጥ እጅ ነክሮ መዋል አልከበዳቸውም፤ የከበዳቸው ሌላ ሰው በእሳቸው ጽጌረዳ አጠገብ ሲጽፍ ማየት ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ተመራማሪ ኬክ ልታዝ መጣች። እንዲጻፍላት የፈለገችው «የማስታወስና የመማር ፍላጎት ጥናታችን ተፈጸመ» የሚል ነበር። አክስቴ ርዝመቱን አይተው ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እህቴ፣ ማስታወስ ደግሞ ይጠናል እንዴ?» አሏት።

«ይጠናል እንጂ! ሰው አጻጻፍ እንዴት እንደሚለምድ ነው ያጠናነው።»

«እንግዲያውስ ንገሪኛ! እኔ አንዱን ቃል ስገለብጥ ውዬ ማታ ይጠፋኛል።»

«ስትገለብጪ የሚሠሩት ዓይንሽና እጅሽ ናቸው፤ ጭንቅላትሽ እረፍት ወጥቷል። ቃሉን እዪው፣ ሸፍኚው፣ ከራስሽ አውጥተሽ ጻፊው፣ ከዚያ ገልጠሽ አመሳክሪ። የሳትሻትን ፊደል እዚያው አርሚ።»

«ሸፍኜው ከጠፋኝስ?»

«ትንሽ ታገዪ። ታግለሽ ያወጣሽው ነው የሚቆይልሽ። ደግሞ በአንድ ቀን ልጨርሰው አትበዪ። ዛሬ ሞክሪው፣ ከነገ ወዲያ ሞክሪው፣ ከዚያ ሳምንት ቆይተሽ። ሊጠፋብሽ ሲል መልሰሽ ያዢው።» ተመራማሪዋ ይህን ብላ፣ «ለመሆኑ የትኛውን ቃል መጻፍ ነው የምትፈልጊው?» አለቻቸው።

አክስቴን ስለ ቃል ያዘዛቸው እንጂ የትኛውን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ትንሽ አሰቡና፣ «‹እንኳን ደስ አላችሁ›ን» አሉ። «ሰው ሁሉ ይደሰታል፤ እኔ ነኝ በ‹ች›ዋ የምጨነቀው።»

ከዚያ በኋላ የተረፈ ክሬም ወደ ቆሻሻ መሄድ አቆመ። አክስቴ የትዕዛዙን ወረቀት አንድ ጊዜ አይተው ዱቄት ቆርቆሮው ሥር ይሸጉጡታል፤ በትሪ ጀርባ በክሬም ይጽፋሉ፤ ወረቀቱን አውጥተው ያመሳክራሉ፤ በቢላ ጠርገው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ያንኑ ቃል ይጠሩታል። በዚህ ላይ የባለቤቱ ጥያቄ በየካርቶኑ አለ። «ይሄማ ፖሊስ ጣቢያ ነው!» እያሉ ያማርሩ ነበር። ልብስ ሰፊው በመስኮት ያዩት ይህንን ነው፦ ባለቤቱ ጎንበስ ቀና ሲሉ፣ አክስቴ ከንፈራቸው ፊደል በፊደል ሲንቀሳቀስ። መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ያልሰሙትን መሙላት ይችሉበታል።

በዚህ መሐል አንድ የአውቶቡስ ሹፌር በየሳምንቱ ትንሽ ኬክ ማዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ «ሰላም» ብቻ ነበር የሚያስጽፈው። ቀጥሎ «መልካም የሥራ ሳምንት» ሆነ። ቆይቶ «በመንገድ ላይ ላሉ ሁሉ ደኅና መግባትን እንመኛለን» ደረሰ። አክስቴ ለእናቴ ስሞታ አቀረቡ።

«ይሄ ሰውዬ ሊያስባርረኝ ነው የተላከብኝ! ቃሉ በየሳምንቱ ይረዝማል።»

«ለማን ነው ኬኩ?» አለች እናቴ።

«ለተሳፋሪ ያድለዋል አሉ። እሱ እንኳን ኬክ አይወድም።»

«አንቺ ደንቆሮ፣» አለች እናቴ፣ «ረጅም የሚያስጽፍሽ እስክትጨርሺ ቆሞ ሊያይሽ ነዋ!»

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከዚሁ ሹፌር ጋር ትዳር መሠረቱ። የሠርጋቸውን ኬክ ራሳቸው «እንኳን ደስ አለን» ብለው ወረቀት ሳያዩ ጻፉበት። የኬክ ቤቱ ባለቤት ሙሉ ልብስ ለብሰው መጥተው፣ ሙሽሪትን ኬኩ አጠገብ አቁመው፣ «ምን ይላል?» አሏቸው። አክስቴም በቬሏቸው ውስጥ ሆነው ፊደል በፊደል ተናገሩ። ፎቶግራፉ አለ፤ እንደ ተከሳሽ ነው የቆሙት። ከዚህ ትዳር አንድ ወንድና አንድ ሴት አፈሩ። ወንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ሴቷ ነርስ ናቸው።

በአርባዎቹ ዕድሜያቸው፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የኬክ ቤቱን መስኮት በአፍንጫቸው የሚያቆሽሹ ልጆችን ወደ ውስጥ አስገብተው አጻጻፍ ማለማመድ ጀመሩ። አጀማመሩ አላማረም። ቃል ላገኘ ሁሉ ቁራሽ ኬክ ሲሸልሙ፣ ልጆቹ ቀላል ቀላሉን እየመረጡ «ላም»ን በመጻፍ ወፈሩ፤ ኬክ ባለቀ ቀን ደግሞ ለመጻፍ እጁን የሚዘረጋ ጠፋ። ቀጥለው የሳተ ልጅ ስህተቱን ከትሪው ላይ ይላስ ብለው ፈቀዱ። በማግስቱ በሰፈሩ ውስጥ አንድ ቃል በትክክል የሚጽፍ ልጅ አልተገኘም።

ተመራማሪዋን በስልክ ሲያማክሯት ሳቋን መግታት አልቻለችም። «ክሬሙን ለሁሉም እኩል ስጪ፤ ለቃሉ ደግሞ ሥራ ስጪው» አለቻቸው። ስለዚህ ያገኘም የሳተም እኩል የሚልስ ሆነ። ቃሉን ራሱ የመረጠና ከሳምንት በኋላም ያልረሳው ልጅ ግን፣ ያንን ቃል ለእውነተኛ ደንበኛ በእውነተኛ ኬክ ላይ ይጽፋል። ያን ጊዜ ነው ጉድ የታየው! እናቱ ተጣርታ የማይሰማ ሁሉ «እትዬ ሸፍኚውና ጠይቂኝ፣ እባክሽ ጠይቂኝ» እያለ ቀሚሳቸውን ይጎትት ጀመር።

ባለቤቱ ክሬም እንዳይባክን እቆጣጠራለሁ ብለው ከልጆቹ ጀርባ በርጩማ ላይ ይቀመጡ ነበር። ተራው ወደ እሳቸው የቀረበ ሲመስል ብድግ ብለው «ምድጃውን ልይ» ይላሉ። ልጆቹም «ጋሼ ምድጃው» አሏቸው።

ይህን የምጽፈው እኔ፣ የታላቅ እህታቸው የመጨረሻ ልጅ፣ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ «አይገባትም» ብሎ ሲሸኘኝ አክስቴ «በቅጡ ጠይቋት የሚያውቅ የለም እንጂ ይገባታል» ብለው ተቀበሉኝ። የትኛውን ቃል እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ «እምቢ» አልኳቸው። አልተቆጡም፤ በቸኮሌት አስጻፉኝ። ዲፕሎማ የለኝም። ይህን ጽሑፍ ግን ማንም አላረመልኝም፤ የሚያርምም ካለ ከቀብር በኋላ ይምጣ።

ከዚያች «ን» በኋላ በአክስቴ ጽሑፍ ምክንያት የተመለሰ ኬክ የለም። የሒሳብ ሠራተኛው እንኳን ከዓመታት በኋላ መጥቶ፣ ለትዳሩ መታሰቢያ «ለምወዳት ባለቤቴ» የሚል ኬክ አዝዞ፣ «እትዬ፣ አሁን ደግሞ አደራዎን ‹ን› እንዳያስገቡብኝ» ብሏቸዋል።

አክስታችን ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሆስፒታል ተኝተውም የመድኃኒታቸውን ስም በእጃቸው ሸፍነው ተረኛ ነርሶችን «ምን ይላል?» እያሉ ሲፈትኑ፣ ገና ተማሪ የሆኑት በአልጋቸው አጠገብ ማለፍ ይፈሩ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እኔንና በትክክል መጻፍ የሚችል አንድ ሰፈር ሕዝብ ትተው ሄደዋል። ነፍሳቸው በብርሃን ቦታ ትረፍ። ጊዜ ስማቸውን ሲሸፍነው፣ ከራሳችን አውጥተን የምንጽፈው ያድርገን።

እስከዚህ ጽፌ፣ ማተሚያ ቤት ከመውሰዴ በፊት ለኬክ ቤቱ ባለቤት አቀረብኩላቸው። ስህተት ካለ እሳቸው ያገኙታል ብዬ ነው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ አሉ። «እህም» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና፣ «ምን ይላል? ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» አሉ። ከመጀመሪያዋ መስመር ጀምሬ አነበብኩላቸው። «አንዲት ፊደል አላስተማሯቸውም» የሚለው ላይ ስደርስ ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ስጨርስ መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት።

«ልክ ጽፈሻል ልጄ። ከየት አምጥቼ አስተምራታለሁ? እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርኩም። ኬኩን አይደለም፣ ፊቷን ነበር የማየው። ፊቷ ካልተጠራጠረ እከድነዋለሁ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልነገሯቸውም? እርስዎን ለማስተማር አንድ ወር አይፈጅባቸውም ነበር እኮ!»

«አለቃዋ ነበርኩ። ነገ እነግራታለሁ ስል፣ ነገ ስል...» አሉና መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው፣ «ይሄንንም ጨምሪበት። ወረቀቱን ብትሰጪኝ አላነበውም፤ ቀብሯ ላይ ስታነቢው ግን አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ» አሉኝ።

ጨምሬዋለሁ። እነዚያን ሁሉ ዓመታት፣ አክስቴ ልባቸው እየመታ ካርቶኑን ባቀረቡ ቁጥር፣ ከሁለቱ ማንበብ የሚችሉት አክስቴ ራሳቸው ብቻ ነበሩ።