በሰርግ ሣጥን ላይ ስለ ተሳለችው ሐዘንተኛ

ለክቡር የ«ዘመናይት» የሴቶች ልብስ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ደኅንነት፣ የስፌት መኪናዎችዎንም አለመሰበር በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ በእስቴ የምንገኘው አገልጋዮችዎ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን፤ ሞተ ብለን ያለቀስንለት ሰው ሳይቀር ደኅና ነው።

ስሜ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ይባላል። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ፈንጠር ብላ ባለች ደብር ዜማ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በኩል ሰው ሁሉ እንዲያነበው የላክሁት ክቡርነትዎን ለማሳፈር አይደለም፤ ለብቻዎ የላክሁት የመጀመሪያው ደብዳቤ ምን ጣጣ እንዳመጣብኝ ከዚህ በታች ሲያነቡ ራስዎ ይፈርዱልኛል።

ልጄ ውብነሽ ባለፈው ጥር ለስማዳው ተወላጅ ለአቶ ጣሰው ልትዳር ቀን ተቆርጦ ነበር። ጣሰው አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ሆኖ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው፤ እንደ ዘመኑም ሙሽራይቱን ከእርስዎ መደብር በተገዛ ቀሚስ ሊያያት ፈለገ። ቀሚሱን ከነሣጥኑ ለአጎቱ ለአቶ አንዳርጌ አስይዞ፣ እኔ ኋላ እደርሳለሁ ብሎ አስቀደማቸው። አቶ አንዳርጌ እስከ ደብረ ታቦር በመኪና፣ ከዚያ ወዲህ በበቅሎ ተጉዘው፣ ለሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀር ማልደው ከደጃችን ደረሱ። የመንገዱ አቧራና ውርጭ ድምፃቸውን ዘግቶት ስለ ነበር፣ ሣጥኑን ከባለቤቴ ከወይዘሮ አልጣሽ ፊት አኑረው «የጣሰው ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። በሣጥኑ ክዳን ላይ ደግሞ የኩባንያዎ ምልክት ነበረች።

መሥሪያ ቤት ቁጥር እንደሚወድ ስለ ሰማሁ አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ነጠላዋ። የምልክትዎ ሴት መልከ መልካም ናት፤ የሠዓሊውን እጅ አላማም። ነገር ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገቷንና አገጯን ከቧል። ክቡርነትዎ በልጅነትዎ ወደ ትምህርት ቤት ሲጣደፉ ሳያስተውሉት ቀርተው እንደሆነ፣ በእኛ አገር ነጠላ ይነበባል። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀለኛ ያጣፋዋል፣ ዳኛ ፊት የሚቆም ያደገድገዋል፣ ሬሳ ከቤቱ የወጣበት ደግሞ ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጦ ያዘቀዝቀዋል። ይህን ለማወቅ ድጓ መዝለቅ አያሻም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ስታልፍ ሲያይ ጨዋታውን ትቶ ዝም ይላል። ከሥዕሉ ግርጌ «ለደስታዎ ቀን» ተብሎ በወርቅ ቀለም መጻፉን አልክድም። ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረችምና ያነበበችው ነጠላውን ነው።

፪ኛ፤ ስለ ለቅሶው። ሽማግሌ በማለዳ ሲመጣ፣ ድምፁ ሲዘጋ፣ የሙሽራውን ስም ጠርቶ ዝም ሲል፣ ያመጣውም ዕቃ ላይ ሐዘንተኛ ስትኖር፣ ይህ በእኛ ዘንድ መርዶ ይባላል። ባለቤቴ «ኧረ ወይኔ ጣሰው! በሰርግ ዳስህ ላልቅስልህ!» ብላ ጮኸች። ውብነሽ ለሙሽርነት የተሠራችውን ሹሩባ በመቀስ አወረደችው። አቶ አንዳርጌ ይህን ሲያዩ «ኧረ ሰዎች፣ ምን ሆናችሁ?» ያሉ ይመስልዎታል? አላሉም። እርሳቸው በመንገድ ሳሉ ለእኛ በስልክ ቀድሞ የደረሰን ወሬ ያለ መሰላቸውና ከሁላችን አብልጠው ደረታቸውን ደቁ። አጎትየው እንዲያ ሲሆኑ ስናይ እኛም ጨርሰን አመንን። እኔ ከማኅሌት ስመለስ ዳሱ በለቀስተኛ ሞልቶ አገኘሁትና ጥምጣሜን ጥዬ ገባሁ። ለሰርግ የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶ ተጠጣ፤ የተጣራ ጠላ እንደ ነበር ለቀስተኛው ሁሉ እስከ ዛሬ ይመሰክርልናል፤ ለዚህም ኩባንያዎን አመሰግናለሁ።

፫ኛ፤ ስለ ሟቹ። ሟቹ ከአዲስ አበባ ካመጣቸው ሁለት ሚዜዎች ጋር፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ እየዘፈነ መጣ። ዳሱን ሲያዩ ዘፈኑን አቋረጡ። ጣሰው ከበቅሎው ወርዶ «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀን።

፬ኛ፤ ስለ ወይዘሮ ተሾመች፣ ማለትም ስለ ጣሰው እናት። አቶ አንዳርጌ የዘመድ ነገር ሆኖባቸው እናትየው ወደሚኖሩበት ወደ ስማዳ ወገዳ መልእክተኛ ሰድደው ስለ ነበር፣ እኒህ እናት ለሕያው ልጃቸው ራሳቸውን ተላጭተው፣ ፊታቸውን በጥፍራቸው ነጭተው ቆዩት። ልጁ በእግሩ ሲደርስላቸው መሬት ስመው ተቀበሉት፤ ደስታው ሲበርድ ግን ንዴቱ መጣ። «በቁሙ ላለቀሰበት ቤት ልጄን አልሰጥም፤ ሟርተኞች ናቸው» ብለው ሰርጉን አስቀሩ። ጥር አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ትንሣኤም አለፈ። የልጄ ፀጉር እንደገና ለሹሩባ ደርሷል፤ የወይዘሮ ተሾመች ቃል ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ጣሰው እናቱን አልፎ አያገባም፤ ልጄም ከጣሰው ሌላ አታገባም። ውብነሽ ቀሚሱን አልለበሰችውም፣ መልሱልኝም አላለችም፤ አንዳንድ ቀን ሣጥኑን ወደ ግድግዳ አዙራ ከጎኑ ተቀምጣ አገኛታለሁ። ያን ጊዜ ወጥቼ ተማሪዎቼን ያለ ጥፋታቸው እቆጣለሁ። ይህን ለማያውቁት ሰው መጻፍ ለአባት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ክቡርነትዎ እንዲያውቁት ፈለግሁ።

፭ኛ፤ ስለ መልስዎ። ለመጀመሪያው ደብዳቤዬ መልስ ለመስጠት ስለ ደከሙልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ምልክቷን የሠራው ውጭ አገር የተማረ ሠዓሊ እንደሆነ፣ ጥለቱ ወደ ላይ የወጣው «የቀለሙ ድምቀት ለፊቷ ብርሃን እንዲሰጥ» እንደሆነ፣ በጉንጯ ላይ የሚታዩት ሁለት ቀያይ መስመሮችም «የአገሬው ሴቶች ባህላዊ ጌጥ» እንደሆኑ በሰፊው አስረድተውኛል። ሠዓሊው ከጥቂት ዓመታት በፊት እስከ እስቴ ድረስ ወርዶ መልኳን ከአንዲት የአገራችን ሴት መቅዳቱንም ነግረውኛል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንዲሉ ነው። እኔ ግን ተወልጄ ባደግሁበት እስቴ እንዲህ ያለ የጉንጭ ጌጥ አይቼ አላውቅም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከመልሱ ጋር የቀን መቁጠሪያ በስጦታ ልከውልኛል። በየወሩ ላይ ያችው ሴት አለች፤ ጳጉሜን እንኳ አላመለጠቻትም። ከተማሪዎቼ አንዱ ያስደሰተኝ መስሎት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ጎረቤታችን አቶ ደምሌ ለሰላምታ ጎራ ብለው ቀና ሲሉ አዩትና ባርኔጣቸውን አውልቀው «እግዜር ያጥናችሁ፤ ደግሞ ማን ሞተባችሁ?» አሉን።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። የሰኔ ጾም ሳይገባ ሽማግሌዎቻችን ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ወገዳ ሊሄዱ ተነሥተዋል። ሐዘኑ የመጣው ከሣጥኑ እንጂ ከልጄ ቤት እንዳልሆነ የሚገልጽ አጭር ቃል ለወይዘሮ ተሾመች ይጻፉልኝ። በወረቀትዎ ራስጌም በማኅተምዎም ላይ ያችው ሴት ስላለች፣ እኒያ እናት ዳግመኛ እንዳይላጩ፣ እባክዎ በባዶ ወረቀት ያለ ማኅተም ይሁን። ማኅተም የሌለው ወረቀት አይታመንም የሚሉ እንደሆነ ደግሞ ነጠላዋን ወደ ታች ይመልሱላትና ይምቱበት። ይህን የሚያደርግ ሰው ከተማው ውስጥ ከጠፋ ባለቤቴ ሠዓሊውን በነጻ ልታስተምረው ፈቃደኛ ናት።

ንግድዎ እንዲሰፋ፣ ለሰርግ የገዙልዎት ሁሉ ሰርግ እንዲሆንላቸው፣ ክቡርነትዎም ልጅዎን ሲድሩ የሌላ ኩባንያ ሣጥን እንዲገጥምዎት እየጸለይሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የሰርጉን ዳስ እስከ ዛሬ ያላፈረሰው አባት
መሪጌታ ቀለመ ወርቅ
እስቴ፣ ግንቦት ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ተጨማሪ፤ ይህን ጽፌ ከፈረምሁ በኋላ የደብራችን ምእመን ወይዘሮ ታንጉት ለጉዳይ መጥተው የቀን መቁጠሪያውን አዩት። ቀረብ ብለውም የገዛ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ሠዓሊዎ መልኳን የቀዳት የእስቴ ሴት እርሳቸው ናቸው፤ አሳምሮ ስለ ሣላቸው ማናችንም አላወቅናቸውም ነበር። የሣላቸው ባላቸውን በቀበሩበት ቀን ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ ወረቀት ላይ የሚጭር እንግዳ ሰው እንደ ነበረ ትዝ ይላቸዋል። ሁለቱ ቀያይ መስመሮችም በዚያች ቀን ፊታቸውን በጥፍራቸው ሲነጩ የወጡ ናቸው። ከኩባንያው ምን ልጠይቅልዎ ብላቸው ይህን ብቻ ይጻፉልኝ አሉ፤ «እኔ የባሌን ተዝካር አውጥቼ፣ ነጠላዬን መልሼ፣ ሐዘኔን ከፈታሁ ቆየሁ። እነሱ መቼ ነው የሚያስፈቱኝ?»