ሥራ ፈቶ ለሚግለው ኮምፒውተሬ ማስጠንቀቂያ ለጻፉልኝ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ራስል ፔንበርቲ፣
የመስኖ ካርታ ድርጅታችን የቴክኖሎጂ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በዚህ በሸንኮራ ምድራችን በበርደኪን የዲሴምበር ወበቅ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ማቀዝቀዣ እንደማይጎድለው ባውቅም፣ ብርድ እንዳይመታዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቦይ ካርታ ሠሪዋ ማሪሳ ቴሶሎ፣ ከጉልበቴ በታች ከመቀቀሌ በቀር ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ አዲሶቹ ስክሪኖች በመጡ ጊዜ ስላሳዩት ፍትሕ አመሰግንዎታለሁ። አጠገቤ ለምትቀመጠው ለሎሬል ሁለት መንታ ስክሪኖች ሰጧት፤ ለእኔ ግን አንድ አዲስ ሰጥተው ከአሮጌዬ ጋር አጋቡልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የሎሬል ኮምፒውተር መኖሩ እስኪረሳ ጸጥ ሲል፣ ከጠረጴዛዬ ሥር ያለው የእኔ አንዲት መስመር ሳላሰምርበት ምስል አቅራቢው ግራፊክስ ካርዱ ይግላል፤ ማራገቢያውም እንደ ሸንኮራ ፋብሪካ ያጓራል። እሷ ሹራብ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትሠራ እያየሁ ላቤን ጠርጌያለሁ። በሰው ባል ቀንቼ የማላውቅ ሴት፣ ክቡር ሆይ፣ በሰው ኮምፒውተር ቀናሁ።

ሁለተኛ፣ አቤት ብልዎ ባለሙያዎን ዱንካንን ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እጁን ከኮምፒውተሩ ሳጥን ጀርባ አስጠግቶ፣
«ምን እየሠራሽበት ነው?» አለኝ።
«ምንም።»
«ተይ እንጂ ማሪሳ! ምንም ሳይሠራ እንዲህ የሚግል ነገር የለም። በድርጅቱ መብራት ዲጂታል ገንዘብ እያመረትሽ ነው አይደል?»
እርስዎም እኔን አንድ ቃል ሳይጠይቁ አመኑት፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ጻፉልኝ። አባቴ ሸንኮራ ሲቆርጥበት የኖረውን ማሳ ካርታ የምሠራው እኔ፣ ሻይ ክፍል ስገባ ወሬ የሚቋረጥብኝ ሌባ ሆንኩ።

ያዳነችኝ፣ ይግረምዎና፣ ያችው ሎሬል ናት። አንድ ጠዋት ብድግ ብላ፣
«ያንን አሮጌ ስክሪንሽን ወዲህ በይው፤ ከእኔ አንዱን ውሰጂ» አለችኝ።
«ምን ሊያደርግልሽ?»
«ሌብነትሽን ላጣራ ነዋ!» ብላ ሳቀች።
ተቀያየርን። ብዙም ሳይቆይ የእኔ ኮምፒውተር ትንፋሹ ጠፋ፤ የእሷ ማጓራት ጀመረ፤ ሹራቧንም አወለቀች። ለካ ነገሩ የስክሪኖቹ አለመመሳሰል ኖሯል፦ አዲሱ ምስሉን በጥድፊያ ያድሳል፣ አሮጌው በዝግታ፤ ካርዱም ሁለቱን ላስማማ ሲል ሥራ ባይኖርም አያርፍም። ዱንካን ተጠርቶ የአዲሱን ፍጥነት ወደ አሮጌው ዝቅ ሲያደርገው የሎሬልም ጸጥ አለ። እሱስ ቢያንስ «ይቅርታ፣ ማሪሳ» ብሎኛል።

ክቡርነትዎ ግን ሠራተኛውን ሰብስበው ሎሬልን «ስለ ምርምሯ» አመሰገኑ፤ የገና ስጦታም ሰጧት። አጨበጨብኩ። የእኔን ስም የሚያጠራ አንድ ቃል ስጠብቅ፣ «በሉ ወደ ሥራችሁ» አሉን። ያን ጊዜ የተሰማኝ ቅናት ከፊተኛው የባሰ ነበር፤ አሁን የምቀናው በምስጋናዋም፣ አሮጌውን ስክሪን «አልመልስም፣ ለምጄዋለሁ» በሚለው ቸርነቷም ጭምር ነውና።

ስለዚህ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ከማኅደሬ ወጥቶ፣ ሌባ አለመሆኔ በዚያው ሻይ ክፍል፣ በዚያው ሎሬልን ባመሰገኑበት ድምፅ እንዲነገርልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እስከዚያው ይህ ደብዳቤ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አይወርድም።

ቁጭ ብዬ ጽፌ፣ ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣
ማሪሳ ቴሶሎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሎሬል ይህን አንብባ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቅናትሽ ከዳር እስከ ዳር ይታያል» ብላኛለች። እውነቷን ነው። ሆኖም ክቡርነትዎ ደግመው ቢያነቡት፣ ከዳር እስከ ዳር በእርስዎ የቀና አንድም ሰው አያገኙም።