የትንሿ ልክ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን
ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ከመስፊያ ክፍሌ

ለድንቢጤ፣ ለትንሿ ልጄ፤

ሁልጊዜ «እኔ ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባሽ» ብዬ ነበር የምጀምርልሽ። ዛሬ እሱን ልተወው። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ዓይኔም ገና መርፌ ላይ ክር ያስገባል፤ ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፣ እደርስበታለሁ። አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም። ማለቴ፣ አዲስ የሞተ።

ጎረቤታችን ነርሷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስልኳ ከእጇ አይለይም። ባለፈው ሳምንት እየሳቀች መጣችና «ልጅሽ ፎቶ ልካልኛለች፣ የሰፋሽላትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁሽ። እጅጌው ሁለት ጊዜ ታጥፏል። ትከሻው ክንድሽ ላይ ወርዷል። ወገብሽ ላይ ደግሞ መርፌ ቁልፍ ያብለጨልጫል።

«ወይኔ ልጄን! ምን ነክቷት ነው እንዲህ የከሳችው?» ብዬ ጮህኩ።

«ስሚ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ አልከሳችም። ዱሮም ይቺው ናት። በማን ልክ ነው የሰፋሽው?»

«በልጄ ልክ ነዋ!»

«በየትኛዋ?»

ተቆጣሁ። ሻይ እንኳን ሳላቀርብላት ሸኘኋት። ከዚያ የልክ ደብተሬን አወረድኩ። ታውቂዋለሽ፣ ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ነው። ላንቺ በየዓመቱ ጨርቅ ስቆርጥ የምገልጠው ገጽ «ልጄ» ይላል፤ ትከሻ አርባ ሁለት፣ እጅጌ ስልሳ አንድ። የእህትሽ ልክ ነው። በሃያ ዓመቷ፣ ልትሞት ሦስት ወር ሲቀራት የለካኋት። ያንቺንም ገጽ ፈልጌ አገኘሁት፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ከዚያ ወዲህ ሜትር አላሳረፍኩብሽም። በአሥራ ስምንትሽ ከቤት ወጥተሽ እስክትሄጂ ድረስ የእህትሽን ልብስ ራስሽ እያጠፍሽ ስትለብሺ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ እናትሽ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው።

አሥራ አራት ቀሚስ ልኬልሻለሁ። አሥራ አራት ጊዜ «እማዬ፣ ልክክ ብሎኛል፣ እጅሽ ይባረክ» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ምነው አንድ ቀን እንኳን «ሰፋኝ» ብትይኝ ብዬ ልቆጣሽ ነበር። ኋላ ለምን እንዳላልሽኝ ገባኝ። ነግረሽኝ መቼ ሰምቼሽ አውቃለሁና!

ይኸው ደረስኩበት።

አንዳንዴ ደንግጬ ወደ በሩ ስዞር ስለሚያየኝ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ክፍል እየመጣች የምታስቸግረኝ ሟቿ ትመስለዋለች። እህትሽ መጥታብኝ አታውቅም፤ ምነው በመጣች! የምትመጪው አንቺ ነሽ። በጠራራ ፀሐይ፣ የስፌት መኪናው ሲቆም፣ በሩ ጋ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ፦ «እማዬ፣ እየጠራችሽ ነው።» ዞር ስል ሰው የለም። መኪናው እንዳይቆም ነው ሥራ የማበዛው። ደንበኞቼ «እንዴት ያለሽ ጠንካራ ነሽ!» ይሉኛል፤ እግሬ ከፔዳሉ የማይነሳው ግን ፈርቼ ነው። ደውለሽ «እማዬ» ስትዪኝ ቶሎ የምዘጋብሽም ለዚሁ ነው። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።

ያን ቀን አንድ የሙሽራ ቀሚስ በእጄ ነበር፣ በስድስት ሰዓት ሊወሰድ። አባታችሁ ካረፈ ወዲህ ቤታችን በዚያች መኪና ነበር የሚኖረው። እህትሽ ጓዳ ተኝታ አስሟ ተነሳባት። መጥተሽ «እማዬ፣ እየጠራችሽ ነው» አልሽኝ። «ዚፑን ልጨርስ» አልኩሽ። እያለቀስሽ ተመልሰሽ መጣሽ። «መጣሁ አልኩሽ እኮ! አትጨቅጭቂኝ!» ብዬ ጮህኩብሽ። ዚፑን ጨርሼ፣ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ስነሳ ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር።

ጎረቤቱ ሲሰበሰብ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ክንድሽን ይዤ «ምነው ብትጠሪኝ! ምነው ልጄ ብትጠሪኝ!» አልኩ። አፍሽን ከፈትሽ፣ አየሽኝ፣ መልሰሽ ዘጋሽው። ሰዉም «ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው ያልጠራቻት» አለ። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ሃያ ዓመት ዝም አልኩ።

ጠርተሽኛል። ሁለት ጊዜ ጠርተሽኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰምቼሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ላንቺ አሸክሜሽ የኖርኩትም እኔ ነኝ።

ትናንት ነርሷን ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት። ያን ቀን ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች መካከል እሷም ነበረች። «ለሰፈሩ ሁሉ ንገሪ» አልኳት፣ ያ ምላሷ አንድ ቀን እንኳን ለደግ ይዋል ብዬ። አልቅሳ ስታበቃ «በይ አሁን መኪናውን አቁሚና ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ» አለችኝ። አቆምኩት። ድምፅሽ መጣ። አልሸሸሁም። «ወዬ» አልኩሽ። «ወዬ ልጄ፣ መጣሁ።» ዛሬ ጠዋትም መጥተሻል፣ ዛሬም ወዬ ብያለሁ። ተገላገልኩ አልልሽም። ግን ቁጭ ብዬ መስማት እየለመድኩ ነው፣ በስተርጅና።

ሜትሬን ፖስታው ውስጥ ከትቼልሻለሁ፤ እኔ ሌላ እገዛለሁ። ራስሽን እንዳትለኪ፣ እጅ ሲነሳ ልክ ይዛባል። የምታምኚው ሰው ይለካሽ። ደብተሬ ላይ አዲስ ገጽ አውጥቼ ስምሽን ጽፌበታለሁ፣ ከሥሩ ባዶ ነው። መላክ ካልፈለግሽ አልቀየምሽም። ተቆጥተሽ ብትጽፊልኝም እስከ መጨረሻው መስመር አነበዋለሁ። መደወል ከፈለግሽ ደግሞ ጠዋት ጠዋት መኪናው አይሠራም፣ እሰማሻለሁ።

የጫንኩብሽን አምላክ ከትከሻሽ ያውርድልሽ። እንቅልፍሽን ጤና፣ መንገድሽን ቀና ያድርግልሽ። እኔን ባታይኝ እንኳን ክፉ አይይሽ።

ያን ቀን ወዬ ሳትልሽ የቀረች፣
እናትሽ