የፌብሩወሪው ውሃ

ሰኞ፣ ማርች 3፣ 2008

ቁጥሩ ልክ አይደለም። ደጋግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። የፌብሩወሪው የባሕር ውሃ የኦገስቱን ያህል ካርቦን አለው። በዊንተር፣ በብርዱ ወራት፣ እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

እስቲ ልጻፈው፣ ምናልባት ይጠራልኝ ይሆናል። ከኦሪገን ጠረፍ በየወሩ ውሃ በጠርሙስ ይላክልናል። እኔ እዚህ ሌክውድ፣ ዴንቨር አጠገብ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ማሽኑ ላይ አቃጥለዋለሁ። የሚወጣው ጋዝ ውሃው ውስጥ ምን ያህል ነገር ሟሙቶ እንደነበር ይነግረኛል። አልጌው፣ የበሰበሰው ቅጠል፣ የሞተው ዓሣ፣ ሁሉም ሟሙቶ ዓይን የማያየው ሆኖ እዚያው ይቆያል። በሰመር ሙቀት ይጠራቀማል። በዊንተር ማዕበሉ ከታችኛው ውሃ ጋር ሲቀላቅለው ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ የለካሁት ይህንኑ ሲያሳይ ነበር። አሁን ፌብሩወሪ መጥቶ አበላሸው።

አለቃዬ ካረን ቁጥሩን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እጅሽን ሎሽን ትቀቢያለሽ እንዴ?» አለችኝ። የጣት ቅባት እንኳ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፣ እሱስ እውነቷን ነው። ግን ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ሎሽን ነክቼ አላውቅም። በዚህ ደረቅ አየር እጄ ተሰነጣጥቆ ይደማል። አብሮኝ የሚሠራውን ኬቨንን ግን አልጠየቀችውም።

ጾም የገባው ዛሬ ነው። እስከ ማታ እህል አልቀመስኩም። ለጾሙ ብዬ ግን አይደለም።

ማክሰኞ

ካረን ቢሮዋ ጠርታኝ በሩን ዘጋችው። «የፌብሩወሪው ከተበከለ፣ የሌላው ወር አለመበከሉን በምን አውቃለሁ?» አለች። የዓመቱን ልኬት በሙሉ ልትጥለው ነው። ከእንግዲህም ውሃውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ልትልከው ታስባለች። እስከ ሰኞ ትወስናለች።

ንጹሑን ውሃ ማሽኑ ላይ ሞከርኩ፣ ደህና ነው። ጠርሙሶቹን እንደገና ምድጃ ውስጥ አቃጥዬ ፈተሽኩ፣ ደህና ናቸው። ኬቨን ዲዮዶራንት፣ የብብት ሽቶ፣ ይነፋል፣ እሱም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ተው ልበለው አልኩና አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ብራያን ትዝ አለኝ። በጀልባ ወጥቶ ውሃውን የሚቀዳልን እሱ ነው። ሁልጊዜ ደርቦ ይቀዳል፤ ትርፉን እዚያው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጣል። ደወልኩለት። «አለ፣ ዛሬውኑ በፕሌን እልከዋለሁ» አለኝ።

ያንን ውሃ እጄ አልነካውም። ዝቅ ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከፍ ካለ ግን…

ረቡዕ

በረዶ። ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። ሥራ ተዘጋ።

ብራያን የላከው ሣጥን ዴንቨር ኤርፖርት ደርሷል። የሚያመጣው መኪና ግን አይንቀሳቀስም። ሣጥኑ ውስጥ ውሃውን አቀዝቅዞ የያዘው ደረቅ በረዶ እየተነነ ያልቃል። ውሃው ከቀለጠ ባክቴሪያው የሟሟውን መብላት ይጀምራል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ያኔ ካረን እኔ ማበላሸቴ ተረጋገጠ ትላለች። ስለ ባክቴሪያው ባስረዳት ሰበብ ፍለጋ ይመስልብኛል።

ባሌ ዮናስ፣ «ተረጋጊ እንጂ» ይለኛል። ይህ ቃል እንዴት እንደሚያናድደኝ አሥር ዓመት ሙሉ አልገባውም።

ሐሙስ

መኪናዬ ከበራችን ንቅንቅ አልል አለ። ጎረቤታችን ጋሽ ተኽለ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል የሚነዱ ሰው ናቸው፣ ሰፈራችን ግሪን ቫሊ ራንች ውስጥ በበረዶ እንደሳቸው የሚነዳ የለም። በራቸውን አንኳኳሁ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስሮጥሽ ልጄ? መድኃኒት ነው?»

«የባሕር ውሃ ነው ጋሽ ተኽለ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስቸገርኩዎት።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ምጽዋ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለባሕር ውሃ በበረዶ ስነዳ ግን የመጀመሪያዬ ነው» አሉና ቁልፋቸውን አነሱ።

መንገድ ላይ ተንሸራተን ከአንድ ትራክ ጋር ልንላተም ነበር። እሳቸው መሪውን ቀስ ብለው መለሱት። እኔ ማርያምን ጠራሁ።

የካርጎው ሰውዬ ሣጥኑ በካረን ስም ስለሆነ አልሰጥም አለ። ካረን ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። እንደገና ደወልኩ። በመጨረሻ አነሳች። «በዚህ በረዶ እዚያ ድረስ ሄደሽ ነው?» አለች። ከዚያ ስልኩን ለሰውዬው እንድሰጠው ነገረችኝ።

መኪና ውስጥ ሣጥኑን ከፈትኩት። ደረቁ በረዶ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። አንዱ ጠርሙስ ተሰንጥቋል። ሌላው ግን ድንጋይ እንደሆነ ነው።

ወደ ላቦራቶሪው የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ለፋሲካ ያልኩትን ሥጋ ከፍሪዘር አውጥቼ በረንዳው በረዶ ላይ ደረደርኩና ጠርሙሱን አስገባሁት። ልጄ ቤቲ ቆማ ታየኛለች። «ማም፣ ኢትስ ጀስት ዋተር» አለችኝ፣ ውሃ ብቻ እኮ ነው ለማለት።

ዓርብ

መንገዱ ተከፈተ። ካረን ከኋላዬ ቆማ እያየች ለካሁት።

ከፍ አለ። ከእኔው ቁጥር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ደስ ሊለኝ ሲል ካረን፣ «ጀልባው ላይ ተበክሎ ቢሆንስ?» አለች። እውነት ለመናገር ጥያቄዋ ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። ግን በዚያች ሰዓት ጠላኋት።

ከዚያ ጨው የሚለው ሐሳብ መጣልኝ። ቅባትም ይሁን ጭስ ካርቦን ይጨምራል እንጂ ጨው አይቀንስም። ጨው የሚቀንሰው ወንዝ ነው። የተረፈውን ውሃ የጨው መለኪያው ውስጥ አስገባሁት። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ዝቅ ያለ ጨው አላየሁም።

ካረን ራሷ ብራያን ጋ ደወለችና ስፒከር ላይ አደረገችው። «አዎ፣ ያን ሳምንት ዝናቡ ለጉድ ነበር» አለ። «ወንዙ ሻይ መስሎ ነው ባሕሩ ውስጥ የገባው። ምነው?»

ዝናቡ አጥቦ በወንዙ ያወረደው የጫካው ቅጠል ነው እንግዲህ። ለካ ባሕሩ የራሱ ወቅት አለው፣ ወንዙም የራሱ።

ካረን ተቀመጠች። «ላስብበት» ብቻ አለች።

እሑድ

ከቅዳሴ ወጥቼ መኪና ውስጥ ስገባ ስልኬ ጮኸ። ካረን ነበረች።

«ዓመቱን በሙሉ እንይዘዋለን» አለች። «ፌብሩወሪንም ጭምር። ከወንዙ አፍ አጠገብም መቅዳት እንጀምራለን።»

ዮናስ ሞተሩን አጠፋና እጄን ያዘኝ።

«ኤፕሪል ላይ ከብራያን ጋር ጀልባው ላይ ትወጫለሽ?»

ዓመቱን ሙሉ ያን ባሕር ስለካ ኖርኩ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ዋናም አልችልም። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩና «እሺ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዮናስን፣ «ዋና የሚያስተምር ሰው ፈልግልኝ» አልኩት።