ሐጂ ዋይስ ያልሰሙት ካሴት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 1975 ዓ.ም.

ውድ አብዲቃድር፦

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልህ ለወጉ ያህል አይደለም፤ እንደጠበቅኸው ወድቄ እንዳልቀረሁ ከመጀመሪያው መስመር እንድታውቀው ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ጅቡቲ ላይ ሱቅ መክፈትህን፣ ሁለት የድምፅ መቅረጫ ማስገባትህን፣ ሐጂ ዋይስ ያለፈውን ሁሉ ይቅር እንዳሉኝ፣ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፋችሁ ሆኜ ብሠራ ደመወዝ እንደምትቆርጡልኝ ጽፈህልኛል። ደመወዝ የሚለውን ቃል ደግሜ አነበብኩት። የራሴን ቤት በደመወዝ እንድጠብቅልህ ነው የጠየቅኸኝ። መልሴ እምቢ ነው። እምቢ ብዬ ብቻ ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም፤ ስለዚህ አረፍ ብለህ አንብበው።

ሐሳቡ የማን እንደነበር አንተም አትክደውም። ያኔ አንተ ቀፊራ ገበያ ጥግ ላይ ራዲዮ ትጠግናለህ፤ እኔ አጠገብህ ተቀምጬ መጻፍ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ እጽፋለሁ። አንዲት እናት እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ ከሶማሊኛ ወደ ኦሮምኛ ከዚያ ወደ አማርኛ እየዘለለች የነገረችኝ ነገር፣ በእኔ ብዕር ሲያልፍ ደርቆ ሦስት መስመር ሰላምታ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን መጻፉን ትቼ፣ ለምን ራሳቸው ካሴት ላይ ተናግረው አይልኩም አልኩህ። ሳቅህብኝ። ከዚያ ሳቅህን አቆምክና የጠገንከውን ቴፕ አስነሳህልኝ። ያን ቀን ወደድኩህ። አሁን ብነግርህ ምንም የሚጎዳኝ ነገር የለም።

ገንዘብ የሚያወጣልን ሰው ፍለጋ ምን ያህል እንደዞርን ታስታውሳለህ። ባንኩ፣ ማኅበር ናችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን፤ አይደለንም ስንል ወንበር እንኳ ሳይሰጠን መለሰን። የከዚራ ነጋዴዎች ሻይ አዘዙልንና ሰው እንዴት ለገዛ ድምፁ ይከፍላል ብለው ሸኙን። የመውረሱ አዋጅ ያላቸውን ወስዶባቸው በቀረቻቸው አንድ ሱቅ የሚኖሩ ሰዎች ናቸውና አልፈረድኩባቸውም። እኔ በስሜ የቀበሌ ፈቃድ አውጥቼ፣ ፖለቲካ እንደማይቀዳ ሊቀመንበሩ ፊት ፈርሜ፣ ባዶ ክፍል ይዤ ተቀመጥኩ። ሰምተው ያልሳቁብን ሐጂ ዋይስ ብቻ ነበሩ፤ የጀልዴሳን ፍየል እየገዙ ጅቡቲ የሚያሻግሩ ሰው ናቸውና ሩቅ አገር ያለ ወሬ ዋጋው ይገባቸዋል።

የተዋዋላችሁበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። በከብት ገበያው ወግ ሐጂ ኩታቸውን በእጃችሁ ላይ ጣል አደረጉ፤ ከሥሩ ጣት ለጣት ተያዛችሁ። ከትርፉ ምን ያህሉ የእሳቸው እንደሚሆን በጣት ትጫረታላችሁ፤ አፍ አይናገርም፣ ዙሪያ የቆመ ሰውም አያይም። እኔ እጄን ከባዕድ ወንድ ጋር ከኩታ ሥር ማስገባት ስለማይሆንልኝ፣ አንተ ስለ እኔም ተዋዋልክ። ግማሹን ይሉናል ብለን ፈርተን ነበር፤ አንተ ግን በሩቡ ብቻ እንደተስማሙ ነገርከኝ። እንዲህ ያለ ገንዘበኛ ለምን በሩብ እንደረካ አልጠየቅኩም። ከኩታ ሥር የተባለ ነገር ለሦስተኛ ሰው አይነገርም፣ አይጠየቅምም። እኔ ወጉን አከበርኩ፤ አንተ ከወጉ ጀርባ ተደበቅህ።

ሐጂ መቅረጫውን ገዙልን፤ ሥራው ያዘልን። ሐሙስ ሐሙስ የተቀዱትን ካሴቶች በከረጢት ሰብስበህ ወደ ሐጂ ቤት ትወስዳለህ፤ ጅቡቲ ያለው ወኪላቸው ለየባለቤቱ ያድላል ብለኸኝ ነበር። በኋላ አዴ ሳዶ ከጀልዴሳ መጡ። ለልጃቸው ቀድተው የነበሩ ሴት ናቸው። ዝናቡ እንደቀረ፣ ግጦሹ እንዳለቀ፣ ፍየሎቹን ባገኙት ዋጋ ከመሸጥ ሌላ መውጫ እንደሌላቸው ነበር በካሴቱ የነገሩት። ገበያው ሳይደርስ የሐጂ ሰዎች ደጃቸው ድረስ ሄደው የማይረባ ዋጋ ጠሩላቸው፤ ሲከራከሩ፣ አማራጭ እንደሌለሽ እናውቃለን አሏቸው። ሸጡ። ከዚያ እኔ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ።

"እኔ ለልጄ ለብቻው ነው የተናገርኩት" አሉኝ። "ጎረቤት እንኳ አያውቅ። ሐጂ ከየት ሰማ?"

ዞር ብዬ አየሁህ። የራዲዮ ጀርባ እየፈታህ ነበር፤ ቀና አላልክም። ያኔ ገባኝ።

ስጠይቅህ አልካድክም። ሐጂ ድርሻቸውን ወደ ሩብ ያወረዱት ካሴቶቹን ቀድመው ሊሰሙ ስለፈቀድክላቸው ነው። እዚህ ምን እንደረከሰ፣ ማን ምን እንደጫነ፣ ማን እጅ እንዳጠረው፣ ሳሎናቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። "ሰው ወሬውን በነፃ ይሰጠናል፣ ሐጂ ግን ገንዘቡን በነፃ አይሰጥም" አልከኝ። "አቦ የኔነሽ፣ ያለዚህ ማን ያወጣልናል?"

በዚያው ቀን መጋላ፣ ሐጂ ቤት ሄጄ፣ መቅረጫዎን ይውሰዱ አልኳቸው። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ገንዘብ ሁሉ ጆሮ አለው" አሉኝ ረጋ ብለው፤ "ጆሮ የሌለው ካገኘሽ ለእኔም አሳዪኝ።" መቅረጫው በጋሪ ተጭኖ ሄደ። አንተም በዚያው ሳምንት በባቡሩ ሄድክ፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላልከኝም።

ደብዳቤህ ላይ፣ ስሜትሽ ነው ያሸነፈሽ፣ ሥራ አታውቂም ብለኸኛል። እንግዲህ ሥራዬን ስማ።

በባቡር እየተመላለሰች ጨርቅ የምታመጣውን ፋዱሞን ታውቃታለህ፤ ፍተሻ ሲደርስ ቀሚስ በቀሚስ ደርባ ወፍራ የምትወርደዋን። እሷም ለባሏ እኛ ዘንድ ቀድታ ነበርና የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ ሰማይ ምድሩ እስኪሰማ ሰደበችኝ። በሳምንቱ ለልጇ ሠርግ ያመጣችውን ቴፕ በሻርፕ ጠቅልላ መጣችና ሽርክና እገባለሁ አለች። እጄን ስባ ከትከሻ ልብሷ፣ ከጋርባሳሯ ሥር ስታስገባው ደነገጥኩ። ጣቴን እንኳ ሳትነካ ጨርቁን ገፈፈችና፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ መዳፌን መታችው።

"አባዮ እህቴ፣ በጨርቅ ሥር መደበቅ ለፈታሽ ነው" አለችኝ። "ካተረፍን እኩል፣ ከከሰርን እኩል። የሰው ካሴት የሰማሽ ቀን ግን፣ ወላሂ፣ ቴፔን አንስቼ እሄዳለሁ።"

በሕይወቴ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እንዲህ ያለ ውል ሲይዝ አይቼ አላውቅም። አሁን ደንበኛው ካሴቱን ራሱ ይዞ ይመጣል። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ አሳይቼው በሩን ዘግቼ እወጣለሁ። ሲጨርስ ካሴቱን ኪሱ ከቶ ይሄዳል፣ ባመነው ሰው እጅ ይልካል። ትርፉ ትንሽ ነው፤ አልዋሽህም። አዴ ሳዶም እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ጀልዴሳ ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው፤ ውሃ አጠጥተው ሸኙኝ። ይህ ያመኛል። ሊቀመንበሩም በየጊዜው እየመጣ፣ ካልሰማሽ ምን እንደሚናገሩ በምን ታውቂያለሽ ይለኛል። ፖስታ ቤትም አሽጎ ነው የሚልከው እለዋለሁ። አንድ ቀን ቤቱን ያሽግብኝ ይሆናል። ያሽግ። እኔ ጆሮዬን ለማንም አላከራይም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ማክሰኞ እናትህ ወይዘሮ ዳሃቦ መጡ። አንተ ከሄድክ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ልጄን ያስኮበለለችው እሷ ናት ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል። ያን ቀን ግን በሩ ላይ ቆመው ካሴት አወጡ።

"ሰው ይሰማዋል?" አሉኝ።

አይሰማም አልኳቸው።

"አንቺስ?"

"እኔም አልሰማም።"

ካሴቱን ይዘው ገቡ። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። አንደኛው ገጽ አልቆ ቁልፉ ጧ ሲል ሰማሁ፤ እንዳሳየኋቸው ካሴቱን ገልብጠው ቀጠሉ። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ካሴቱን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ አንቺ ላኪለት አሉኝ።

ፋዱሞ እስክትሄድ ድረስ ካሴቱ እኔ ዘንድ አደረ። ማጫወቻው እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መርቀውህ ይሁን ረግመውህ፣ ና ብለውህ ይሁን እዚያው ቅር፣ ስለ እኔስ ምን ብለው ይሆን፤ ማወቅ አልፈለግሁም ብልህ ውሸቴን ነው። በጣም ፈልጌ ነበር። አልሰማሁትም። በአንተ ውል ቢሆን ኖሮ የእናትህን ልቅሶ መጀመሪያ የሚሰሙት ሐጂ ዋይስ ነበሩ፤ ያውም በሩብ ድርሻ። ዛሬ ግን ከአንተ በፊት የሰማው አንድም ጆሮ የለም። ስሜት ብለህ የጻፍክልኝ ይህንን ነው።

ካሴቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ፋዱሞ በእጅህ ታስረክብሃለች። ለእኔ መልስ አትጻፍ። ለእናትህ ግን ቅዳ። ሲደርሰኝ አስጠራቸዋለሁ፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ማጫወቻውን አስነሳላቸዋለሁ፣ ከዚያ በሩን ዘግቼ እወጣለሁ።

የኔነሽ ገብረ መድኅን
የድምፅ ደብዳቤ ቤት ባለቤት፣ ቀፊራ