አሜን ያላልክበት ቀን

ውድ ኤርጫፎ፣

ፖስታው ላይ ስሜን አይተህ ልትቀድደው ከሆነ፣ እባክህ ሁለት መስመር ብቻ ታገሰኝ። እናትህ እማማ ልክነሽ በሕይወት አሉ። ባንተ ላይ የተጣለው እርግማን ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ተነስቷል፤ ወደ መንደራችን መመለስ ትችላለህ። ሌላውን ባታነበውም ይህን እወቅልኝ።

ሁለት ጊዜ ደውዬልህ ነበር፤ ድምፄን ስትሰማ ዘጋኸው። እውነትህን ነው፣ እኔም ብሆን እዘጋው ነበር። ስለዚህ ደብዳቤውን ከቆላው ከኩልፎ ሙዝ ለሚጭነው ሹፌር ለአቡሽ ሰጥቼዋለሁ። እጅህ ላይ ሳያደርስ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

የምጽፍልህን ታውቀዋለህ፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተኸው አታውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት በዚያ ክፉ ክረምት ጎርፉ የሁሉንም ካብ ሲንድ፣ በእኔና በእማማ ሮማነወርቅ ማሳ መካከል የነበረውም ተናደ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት መሆናቸውን እያወቅኩ፣ ካቡን መልሼ ስክብ ሁለት እርምጃ ወደ እሳቸው ገባሁ። ምክንያት አልፈልግለትም፤ መሬቱ አማረኝ። ሚስቴ ቲጂ አርግዛለች፣ ልጅ ይመጣል፣ እንሰት እተክልበታለሁ አልኩ። በማግስቱ መጥተህ አየኸው። መጀመሪያ እንደ ልማድህ «ዲያቆን የካበውን ካብ ዶሮም ትንደዋለች» ብለህ ሳቅክብኝ። ከዚያ ሳቅህ ቆመ።

«እንድሬ፣ ካቡ እዚህ ጋ አልነበረም።»

«ጎርፍ ወሰደው እኮ፤ የት እንደነበር ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ሰው ሳይሰማ መልሰው።»

ገብሱ ይሰብሰብና እመልሰዋለሁ አልኩህ። አመንከኝ።

ገብሱ ሳይሰበሰብ በረዶ ወረደ። የአገሩ ማሳ ሁሉ ተደበደበ፤ ሳምንት ሳይቆይ ከብት መሞት ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ጎሜ ነው አሉ፤ አንድ ሰው ሕግ ጥሶ ደብቋል፣ እሱ ሳይናገር መዓቱ አይቆምም ማለታቸው ነበር። አገር የሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ዱቡሻው፣ ሞልቶ ነበር። እማማ ሮማነወርቅ ተነስተው መሬቴ ጠቧል አሉ። ከታች የምዋሰናቸው እኔ ነኝ፣ ከላይ አንተ። በሁለቱም በኩል ካቡ ፈርሶ የተሠራ ስለሆነ ማን እንደገፋ መለየት የሚችል አልነበረም። ያጠፋ ይናገር ተባለ። ዝም አልኩ። ያኔ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አቶ ካሱ «እንግዲያው ኦሪቱ ይነበብ» አሉ። አንባቢው ደግሞ እኔ ነኝ።

እዚያ መጽሐፍ ላይ እርግማኖቹ ተራ በተራ ይነበባሉ፤ ሕዝቡም በእያንዳንዱ ላይ አሜን ይላል። እኛም እንዲሁ አደረግን። አባትና እናቱን ያቃለለ ርጉም ይሁን አልኩ፤ አሜን ተባለ። የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ርጉም ይሁን ስል ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አገሩ ባንድ አፍ አሜን አለ፤ እኔም አልኩ። አንተ ግን አፍህን አልከፈትክም።

«ኤርጫፎ፣ አሜን በል እንጂ» አሉህ አቶ ካሱ።

«ሰው አልረግምም።»

«ሰውን አይደለም፤ ጥፋተኛውን ነው።»

«ጥፋተኛውም ሰው ነው» ብለህ መሬት መሬት አየህ።

ሦስት ጊዜ ጠየቁህ፤ ሦስት ጊዜ ዝም አልክ። በእኛ ዘንድ አሜን ያላለ ሰው በራሱ ላይ እንደመሰከረ ነው የሚቆጠረው። ማንም ገመድ ይዞ አልለካም። እኔ ግን ለምን ዝም እንዳልክ እዚያው ገብቶኛል። ያ እርግማን የሆድ ፍሬን ሳይቀር የሚነካ ነው፤ ቲጂ ደግሞ በዚያ ሳምንት ልትወልድ ነበር። አንተ በእኔ ልጅ ላይ አሜን ማለት አቃተህ። እኔ በገዛ ልጄ ላይ ብያለሁ።

ከዚያ «ቀጥል» አሉኝ፤ ቀጠልኩ። ሕጉን የጣሰ ከምድሩ ይነቀላል፣ በማያውቀው አገር ይበተናል፣ ለእግሩ ማረፊያ አያገኝም፣ ሲነጋ ምነው በመሸ፣ ሲመሽ ምነው በነጋ ይላል። ያን ሁሉ ፊትህ ቆሜ አነበብኩ። ሲያልቅ ሰዎች ድምፅህ ያምራል አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም የሚልህ፣ ፍም የሚሰጥህ፣ ደቦ የሚወጣልህ ጠፋ። ሳምንት ሳይሞላህ የሽመና ዕቃህን ትተህ ወደ ኩልፎ ወረድክ። ስደት ሲባል ባሕር ማዶ ይመስለኝ ነበር። አንተ ካለህበት የሙዝ እርሻ ግን ተራራችን ይታያል፤ ደመና ከሌለ ጠዋት ጠዋት ቆመህ እንደምታየው አቡሽ ነግሮኛል። ወባ ሁለት ጊዜ እንደጣለችህም ነግሮኛል። አንተ ብትሄድ እናትህ የሚተርፉ መስሎህ ነበር። አልተረፉም፤ አገሩ እሳቸውንም ዘጋቸው። በመስቀል ሁሉም ቤት ለቤት ሲጠራራ የእሳቸውን በር የሚያንኳኳ አልነበረም። እኔም በአጥራቸው ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬን አፈጥን ነበር።

ባለፈው ወር ከቅዳሴ ስወጣ እናትህ መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ያነበብከውን አንብብልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል እማማ?»

«ማብቂያው የት ጋ እንደሆነ ልስማው። ስድስት ዓመት ሆነ እኮ። እግዜር መቼ ይበቃኛል ይላል?»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጥቂት ገጽ አልፌ፣ የተበተነው ሰው እስከ ሰማይ ዳርቻ ቢሄድ እንኳ ከዚያ ተመልሶ እንደሚሰበሰብ የሚለውን አነበብኩላቸው። ያን ቀን እዚያ ድረስ አልደረስንም፤ የጠየቀም አልነበረም። ፊታቸው ፈካ።

«ታዲያ ምን አድርግ ነው የሚለው?»

«ልቡን ይመልስ ይላል።»

«እንግዲያው ንገረው። ጓደኛው ነህ፣ አንተን ይሰማል። ጥፋቱን ይናገርና ይምጣ በለው፤ እኔ እግራቸው ላይ ወድቄ እለምንለታለሁ።»

ኤርጫፎ፣ እናትህም አምነውብሃል። ልጄ የመበለት መሬት ሰርቋል ብለው፣ ያንን ይዘው፣ ስድስት ዓመት አብረውህ ተረግመዋል። ያን ቀን እውነቱን ሳልነግራቸው ቤቴ ገባሁ። ከዚያም ሳምንታት ፈራሁ፤ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም።

ያለፈው ቅዳሜ ዱቡሻው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። እማማ ሮማነወርቅ አልጮኹብኝም። «የሌለበትን ልጅ ስረግም ኖርኩ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እናትህ ተነስተው ወደ እኔ መጡ፤ ይመቱኛል ብዬ ነበር። ፊቴን አይተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አቶ ካሱ አለቀሱ። «እኛም በድለናል በለው። በአፍህ አስወጥተኸዋል፣ በእጅህ ጽፈህ ጥራው» አሉኝ።

ካቡን በማግስቱ ወደ ቦታው መለስኩ። ቄሱ ከአገልግሎት አግደውኛል። አገሩም በአንተ ላይ የዘጋውን በር አሁን በእኛ ላይ ዘግቷል። በግ ታርዶ፣ እርጥብ ሣር ተይዞ እርቅ እንዲወርድ የተበደለው ሰው ራሱ መጥቶ ይሁን ማለት አለበት። ያን ሳምንት የተወለደችው ልጄ መክሊት፣ የጎረቤት ልጆች ለምን እንደማያጫውቷት ትጠይቀኛለች። ይህን የጻፍኩት እንድታዝንልኝ ነው። ልሰርዘው ብዬ ነበር፤ ከእንግዲህ ላታልልህ ስለማልፈልግ ተውኩት።

ሰኞ ዕለት ጎረቤቶች ለእናትህ ፍም ይዘው በራቸው ላይ ቆሙ። አልተቀበሏቸውም። «ልጄ መጥቶ ይቀበላችሁ» ብለው መልሰው ዘጉ። እስከ ዛሬ ማንንም አላስገቡም። ስለ እሳቸው ብለህ ና፤ ስለ እኔ ብለህ አትምጣ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ዱቡሻው ይጠብቅሃል። አቶ ካሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁሃል፤ እንድሪያስ ይግባ ወይስ ይሂድ? ያኔ ዝም እንዳትል እለምንሃለሁ። የልብህን ተናገር። ይሂድ ካልክ አልከራከርም፤ ቲጂ ልብሳችንን ቋጥራ ጨርሳለች።

ያስረገምኩህ ጓደኛህ፣
እንድሪያስ